አያ ጅቦ ሦስት መቁጠር አይችልም

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ፣ መብራት ሄዶ፣ ልጄን ማህሌትን በመስኮት እየጠበቅኩ ሳለ ጅብ ጮኸ። ከካዛንቺስ ተነስተን ከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም፤ ከሕንፃው ጀርባ ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ወዲያ ገደል ነው፣ ድምፁም የመጣው ከዚያ ነበር። ከታች ጀምሮ እየቀጠነ ወደ ላይ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ተንጠልጥሎ የሚቀር ድምፅ ነው። ከስንት ዘመን በኋላ ስሰማው እጄ ሳላዘው ወደ በሩ መቀርቀሪያ ሄደ፣ አፌም ሳላዘው መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት…

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ዘመዴም ጎረቤቴም ያውቀዋል፣ አልደብቅም። ማህሌት መስቀል ፍላወር ከምትሠራበት ካፌ ወጥታ፣ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይራ በሬን እስክታንኳኳ ድረስ ከመስኮቱ አልነቀልም። የማላውቀው መንገድ ያስፈራኛል፣ ጨለማ ደረጃ ያስፈራኛል፣ ስልክ ሳይቀር ያስፈራኛል፤ እሷም ይባስ ብላ፣ «እማ፣ የማታውቂው ቁጥር ከሆነ በቃ አታንሺ። የሰው ድምፅ አስመስለው ነው የሚያታልሉት፣ ማለቴ፣ የኔን ድምፅ ሁሉ ሊያስመስሉ ይችላሉ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ የማይገባኝ ነገር ብዙ ስለሆነ ይመስለኛል የምፈራው። አንድ ጊዜ ግን፣ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ሳይበቅሉ፣ ፍርሃትን ፊት ለፊት ገጥሜ ያሸነፍኩበት ምሽት ነበር። ጅቡ ሲጮህ ትዝ ያለኝ ያ ምሽት ነው።

ቤታችን ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች መጨረሻ ላይ፣ ብዙ አባወራ አንድ የውጭ በር በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ሆኖ ከግቢው ጫፍ፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የተቦደሰ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ወንዝ። አባዬ ኦሎምፒያ አካባቢ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ስለነበር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ይወጣና ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ እቤት የምንቀረው እማዬ፣ እኔና ገና ድክ ድክ የምትለው ታናሽ እህቴ ምንቴ ነበርን።

ክረምት ሲገባ ጅቦቹ ወንዙን ተከትለው ይመጡና ከሉካንዳ ቤቱ ጀርባ የሚጣለውን አጥንት ሲቆረጣጥሙ ያድሩ ነበር። እማዬ መንዝ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ጅብን ማታ በስሙ መጥራት ነውር ነው ብላ ስለምታምን አያ ጅቦ ትለው ነበር፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። ሲጮህ ስትሰማ ምንቴን ወደ ጉያዋ ሳብ ታደርግና፣ «ሰማሽ? ስም እየለቀመ ነው» ትለኝ ነበር።

«የምን ስም?»

«የልጆች ስም ነዋ። አመሻሽ ላይ አጥር ስር ተኝቶ እናቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ ያዳምጣል። ከዚያ ድምፁን እንደ እናት አቅጥኖ ይጣራል። በመጀመሪያው አቤት ያለች ልጅ የሱ ናት። በሁለተኛውም አቤት ያለች የሱ ናት። ሦስተኛ ከተጠራሽ ግን ሰው ነው፣ ያኔ አቤት በይ። አያ ጅቦ ሦስት መቁጠር አይችልም።»

«ለምን አይችልም?»

«ትምህርት ቤት አልገባማ!»

«አንቺስ ገብተሻል እንዴ?»

«እኔ በሥላሴ አምናለሁ» አለች እማዬ፣ ኮራ ብላ። «ሦስትን የተማርኩት ከዚያ ነው። አያ ጅቦ ምን ቤተ ክርስቲያን ያውቃል?»

ከዚያ ወዲህ ከመሸ በኋላ እማዬ ደጅ ላይ ስሜን አትጠራም፣ «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ፣ አጥር ስር የተኛው እንዳይለቅመው። የግድ ስሜን መጥራት ካለባት ደግሞ ሦስት ጊዜ ትጠራኛለች፣ ሦስተኛውም ሁልጊዜ ቁጣ ያለበት ነበር፤ «ብርቄ! ብርቄ! አንቺ ብርቄ፣ ጆሮሽን ምን ደፈነው!» ያን ቁጣ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ቁጣው የሰው ምልክት ነበራ።

ወሬው ከኔ ወደ ግቢው ልጆች፣ ከነሱም ወደ ሰፈሩ ተላለፈና በክረምቱ ማለቂያ ላይ ከወንዝ በላይ ያለ ልጅ ሁሉ ሳይቆጥር አቤት የማይል ሆነ። ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ የሴይቼንቶ ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ ማታ ሲገቡ ሱቅ የሚልኩት ልጅ እያጡ፣ «ምን ዓይነት ትውልድ ነው ይሄ! አንድ ሳሙና ለማስገዛት ድምፄ አለቀ እኮ!» እያሉ ይማረሩ ነበር። እኛ በየበራችን ስር ተደብቀን በጣታችን እየቆጠርን እንስቅ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ስገባ ግን ነገሩ ጣጣ አመጣ። ክፍላችን አንዱ መስኮት መስታወቱ ወድቆ በካርቶን የተሸፈነ ነበር፣ እኔ የተቀመጥኩትም ካርቶኑ ስር ነበር። መምህራችን ስም መጥራት ጀመሩ። «ብርቅነሽ!» አሉ፣ አንድ። ዝም አልኩ። «ብርቅነሽ!» አሉ፣ ሁለት። ጣቴን ከዴስኩ ስር አጥፌ ሦስተኛውን ስጠብቅ እሳቸው ቀሪ ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ። ብዙ ቀን እንዲህ እየሆነ፣ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እየቀረሁ ከቆየሁ በኋላ እማዬ ተጠራች።

«እናት፣ ይህቺ ልጅ ጆሮዋን ታክማ ታውቃለች?» አሏት መምህሩ።

እማዬ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችና፣ መንገድ ላይ እስክንወጣ ጠብቃ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ቀን እኮ ነው አንቺ! ቀን ለቀን ምን አያ ጅቦ አለ?»

«ክፍሉ ጨለማ ነው፣ እማዬ» አልኳት እያለቀስኩ።

መጀመሪያ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ቂርቆስ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ሳቀች። እማዬ ስትስቅ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር የምትስቀው፣ የሚወድቅ ነገር ያለባት ይመስል።

ጥር ላይ ጨረቃዋ ግቢውን ወተት አስመስላው ድብብቆሽ ስንጫወት እናመሽ ነበር፣ ጅቦቹም በበጋ እምብዛም ስለማይመጡ ረስተናቸው ነበር። የእማዬ ሆድ መግፋት የጀመረው ደግሞ በፋሲካ ሰሞን ነው። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ፣ ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤት ነበሩን፤ አንደበታቸው ስለት ነው፣ ልባቸው ግን ቅቤ። እማዬን ባዩ ቁጥር፣ «አንቺ፣ ይሄስ ልጅ ሲወለድ በስንተኛው ጥሪ ሊወጣ ነው?» እያሉ ያስቁን ነበር። እማዬም፣ «በሦስተኛው ነዋ፣ የኔ ልጅ አይደል!» ትላቸው ነበር። በልቧ ግን ፈርታ ነበር፤ ከምንቴ በፊት የሞተባት ልጅ ነበር። ማታ ማታ ማርያምን ስትለምን፣ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እሰማት ነበር።

ከዚያ ነሐሴ ገባ። ያን ቀን ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላቋረጠም፤ አባዬ ከወጣ በኋላ መብራት ሄደ፣ ሰው ሁሉ በጊዜ በሩን ዘጋ። ወዲያው ከወንዙ በኩል አያ ጅቦ ጮኸ፣ በጣም ቅርብ ነበር። እማዬ ኩራዙን ለኮሰችና ባትሪዋን ይዛ፣ «ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ፣ ምንቴ ተኝታለች፣ እንዳትወጪ» ብላኝ በሩን ከውጭ ሳብ አድርጋ ሄደች። እኔም መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወረወርኩት፣ እንዲህ ነበር የታዘዝኩት።

ቆየች። ኩራዙ እየተርገበገበ ጥላዬን ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ በዝናቡ መሃል፣

«ብርቄ!»

ቀጭን ድምፅ ነው። የእማዬ ይመስላል፣ ግን የእማዬ እንዲህ ቀጥኖ አያውቅም። ድምፁን እንደ እናት አቅጥኖ ይጣራል ብላኛለች። አንድ፣ ብዬ ጣቴን አጠፍኩ።

«ብርቄ!»

የባሰ ቀጠነ። ሁለት። አሁን ሦስተኛው ይመጣል፣ ከነቁጣው ይመጣል፣ ጆሮሽን ምን ደፈነው ትለኛለች ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ጠበቅኩ። ሦስተኛው አልመጣም።

እንግዲህ በሕጋችን መሠረት የጠራኝ አያ ጅቦ ነበር። መቀርቀሪያው አልተነካም፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ መተኛት ነበር የቀረኝ። ግን በዚያች በትንሽ ጭንቅላቴ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ ከየት እንደመጣ እስካሁን ይገርመኛል። የጠራኝ አያ ጅቦ ከሆነ፣ ብወጣ እኔን ይበላኛል። የጠራችኝ እማዬ ከሆነች ደግሞ፣ ባልወጣ እሷን ይበላታል። እኔን ቢበላኝ እማዬ ምንቴ አለቻት፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም አለ። እሷን ቢበላት ግን እኛ ሌላ እናት የለንም።

ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን አነሳሁ፤ ለኔ ከባድ ነበር፣ ትከሻዬ ላይ አጋደምኩት። በግራ እጄ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ያዝኩ። መቀርቀሪያውን በክርኔ ገፍቼ በሩን በርግጄ ወጣሁና፣ ሳንባዬ የቻለውን ያህል፣ «አቤት!» አልኩ።

ዝናቡ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ጭቃው አንዱን ጫማዬን ዋጠው፣ ሁለተኛውን እኔው ጣልኩት። ሳፋውን በዘነዘናው እየደለቅኩ፣ «አቤት! አቤት! አቤት!» እያልኩ በየሰው በር ስር አለፍኩ። መብረቅ ብልጭ ሲል ግቢው ሁሉ ነጭ ሆነና እማዬን አየኋት፤ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ስር ጭቃ ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደምትስቅ ሰው ጎንበስ ብላለች። አልሳቀችም። ባትሪዋ ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ጭቃውን ከውስጥ ታበራዋለች። አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። ለሦስተኛው ጥሪ ትንፋሽ አልቆባት ነበር።

ከአጥሩ ክፍተት ወዲያ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ውሻ ይሁን እሱ ራሱ ዛሬም አላውቅም፤ የረጠበ ፀጉር ሽታ ግን ሸቶኛል። ከእማዬ ፊት ቆምኩና ዘነዘናውን ከፍ አድርጌ፣ ያስፈራዋል ብዬ ያሰብኩትን አንድ ነገር ጮኽኩበት።

«ሦስት! ሦስት! ሦስት!»

ሳፋውን ስደልቀው ጭቃውን እየረገጠ ወደ ወንዙ ሮጠ። አሸነፍኩት።

በሮች መከፈት ጀመሩ። መጀመሪያ የወጡት እትዬ ዘነቡ ነበሩ፣ ነጠላ በራሳቸው ላይ ጥለው፤ «ማነው በዚህ ዝናብ አቤት አቤት የሚለው? ማን ተበደለ?» እያሉ። አቤት ባይ ሲሰማ ዝም ማለት በኛ ግቢ ነውር ነበርና፣ ለእማዬ ጥሪ የመለስኩት መልስ ለእነሱ የተበዳይ ጩኸት ሆኖ ነበር ያወጣቸው። እማዬን ሲያዩ ቀልዳቸው ሁሉ ጠፋ። «ጋሽ ሸምሱ! ውጡ! መኪናዎን! ሴትዮዋ ልትወልድ ነው፣ ደም አለ!»

ጋሽ ሸምሱ ባዶ እግራቸውን ወጡ። እማዬን በብርድ ልብስ ተሸክመው ኮረኮንቹን ሽቅብ አስፋልቱ ድረስ አወጧት፣ እኔ ከፊት ሆኜ ባትሪውን አበራለሁ። ሴይቼንቶዋ ደግሞ በዝናብ አትነሳም ነበር። ጋሽ ሸምሱ ተቆጥተው፣ «አንቺ ርጉም፣ ዛሬ እንኳ በአንዱ ተነሽ!» ሲሏት እትዬ ዘነቡ እየገፉ፣ «ሦስቴ ይጥሯት፣ እሷም የዚሁ ሰፈር ልጅ ናት!» አሉ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሰው ሳቀ። እየሳቀም ገፋ። መኪናዋ አስነጠሰችና ተነሳች።

እኔ እትዬ ዘነቡ ቤት ከምንቴ ጋር አደርኩ። ጠዋት አባዬ ካፖርቱ ውኃ እያንጠባጠበ ከሐኪም ቤት መጣ፣ አነሳኝና አቀፈኝ። አባዬ የሚያቅፍ ሰው አልነበረም። «ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር አለኝ» አለ ለእትዬ ዘነቡ፣ እኔን ሳያወርድ። «ወንድ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ደጃፉ ላይ ቆመው ለወንዱ እልል አሉ፣ የግቢው ሴቶችም ተቀበሏቸው። ሲጨርሱ ግን አልገቡም፤ ትንፋሽ ወስደው ሦስት ጊዜ ጨመሩ። «ይቺ ደግሞ ለብርቄ ናት» አሉ። «ቁጥሯን ራሷ ታውቀዋለች!»

እማዬን ላያት ስሄድ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ሕፃኑን ክንዷ ላይ አድርጋ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ስንቴ ጠራሁሽ?» አለችኝ።

«ሁለቴ።»

«ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

«ሦስተኛው አልመጣማ።»

«አያ ጅቦ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ዘነዘና ይዣለሁ እኮ!»

ሳቀች፤ ስትስቅ ያማታልና ሆዷን ያዘች፣ ዓይኗም ሞላ። «የኔ ጀግና» አለች፣ «ከዛሬ ወዲያ በመጀመሪያው አቤት በይኝ።» ሕፃኑን ደረሰ አሉት፣ ሰው ደርሶልን ነው ብለው። የግቢው ሰው ግን አቤት የሚል ቅጽል ስም አወጣለት፤ «አቤት!» ብለው ሲጠሩት «አቤት!» ይልና፣ ማን ጠሪ ማን ተጠሪ እንደሆነ የማያውቅ እንግዳ ግራ ይጋባ ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የድሮ ሰፈር ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው አሁንም አቤት ነው የሚለው።

በዚያ መስከረም አደይ አበባ ለቅመን በየቤቱ ስናዞር ከሁሉ ፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ። መምህራችን ገና ስሜን ሳይጨርሱ አቤት ስላቸው ደንግጠው ቀና አሉ። ልጆቹ አያ ጅቦ ጨዋታ ሲጫወቱ ባለ ዘነዘናዋ እኔ ነበርኩ፣ ማንም አይከራከረኝም ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ሲመሽ በራችን ቀስ ብሎ ይንኳኳና የእትዬ ዘነቡ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ «ብርቄ፣ እናቴ፣ እስቲ ሽንት ቤት ሸኚኝ፣ ጉልበቴን አሞኛል።» ጉልበት ለጨለማ ምን እንደሚያገናኘው ባይገባኝም፣ ዘነዘናዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከፊታቸው እሄድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ጅቡ ከገደሉ ሲጮህ፣ ይሄ ሁሉ በዓይኔ ላይ እየዞረ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። የማህሌት ሰዓት አልፏል፣ ስልኳ አይሠራም ይላል። ከዚያ የኔ ስልክ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። በቃ አታንሺ ብላኛለች። የኔን ድምፅ ሁሉ ሊያስመስሉ ይችላሉ ብላኛለች። ሰው አልተለወጠም፣ አጥሩ ነው የተለወጠው፤ ድሮ እማዬ ለኔ ያወጣችውን ሕግ ዛሬ ልጄ ለኔ አወጣችው። ጣቴ ሊታጠፍ ሲል ያዝኩት። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁና፣ «አቤት!» አልኩ።

«እማ? እንዴ፣ አነሳሽው?» ማህሌት ናት። «ቁጥሩን አታውቂውም እኮ! ስልኬ ባትሪ ጨርሶ፣ የባለሱቁ ስልክ ነው። ታክሲው መታጠፊያው ጋ ጣለኝ፣ መብራት የለም፣ ደግሞ… ሰማሽው? ጅብ ነው እንዴ?»

«ሰማሁት። ከሱቁ እንዳትንቀሳቀሺ።»

«እማ፣ አንቺ ደግሞ እንዳትወጪ! ትፈሪያለሽ…»

አልጨረሰችውም፣ ዘጋሁት። የእማዬ ዘነዘና ከካዛንቺስ አብሮኝ የመጣ ነው፣ ከወጥ ቤቱ ጥግ አነሳሁት። ጨለማውን ደረጃ በእጄ ግድግዳውን እየዳበስኩ፣ ሳልቆም ወረድኩት። ልጄ ከሱቁ ሻማ ፊት ለፊት ቆማ ስታየኝ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሆዷን፣ ልክ እንደ አያቷ። «እማ! ዘነዘና? ሰው ምን ይላል?» እያለች ሳቀች፣ ክንዴን ግን እቤት እስክንገባ አልለቀቀችውም።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ ሽንት ቤቱ የነበረበትን ቦታ በግምት ፈለግኩት፤ ሰፊ የእግር መንገድ፣ አበባ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ሆኗል፤ አያ ጅቦ ቢመጣ ስም የሚለቅምበት አጥር አያገኝም። ያማረ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ቆሜ አሰብኩ፤ አንዲት ልጅ እዚያ አበባ መሃል ቆማ አቤት አቤት ብትል ስንት በር ይከፈትላት ይሆን? ድሮ የምፈራው ነገር አንድ ነበር፣ ስሙንም መኖሪያውንም አውቀው ነበር፤ ዛሬ የምፈራው ብዙ ነው፣ ስሙን አላውቀውም። እማዬም ከሞተች ቆየች። እኔም እንደ ድሮዬ ፈሪ ነኝ፣ አልተለወጥኩም። አቤት የምለው ግን በመጀመሪያው ነው።